የኮሪደሩ ህልም

ማክሰኞ ከሰዓት፣ የካቲት 11

ማሙሽዬ፣ የሆዴ ልጅ፣

እንደምን ሰነበትክ? ብርዱስ ቀነሰልህ? እኔ ደህና ነኝ ልልህ ነበር፤ ግን ከሐሙስ ወዲህ አንድ ቦታ መቀመጥ አቅቶኛል። ቁጭ ስል ተነሺ ተነሺ ይለኛል፤ ስነሳ ደግሞ ለምን እንደተነሳሁ ይጠፋኛል። ስደውልልህም አታነሳም።

ሐሙስ ዕለት ሬዲዮ ጣቢያ ስለ ፊልምህ እንድናገር ጋብዘውኝ ነበር። "እርስዎ የሥነ ልቦና አማካሪ ነዎት፤ የመሪ ተዋናዩም እናት። ከእርስዎ የተሻለ ማን አለ?" አሉኝ። ኩራቴን አልደብቅህም፤ በሬዲዮ የሚታይ ይመስል አዲሱን ሹራቤን ለብሼ ሄድኩ።

የጠየቁኝ አንተ የተጫወትከው ሰውዬ ስለሚያየው ህልም ነው። ትንሽ ልጅ ሆኖ ኮሪደር ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ሰዎች እየተጠሩ ወደ ተዘጋው ክፍል ይገባሉ፤ እሱን የሚጠራው የለም። እኔም አብጠርጥሬ ተነተንኩላቸው። ሳይኮአናሊሲስ የሚባለው የሥነ ልቦና ትምህርት እንደሚለው ህልም ጭምብል የለበሰ ምኞት ነው፤ የተዘጋው በር የእናት ገላ ነው፤ የሚገቡትም ልጁ የሚቀናባቸው አባትና ወንድሞች ናቸው አልኩ። "እናቱን ያልጠገበ ልጅ ነው። ተቆጥቷል፤ ግን ቁጣውን ራሱ ይፈራዋል" ስል ጋዜጠኛዋ "ወይ ጉድ!" አለች።

ይሄኔ ዳይሬክተርህ በስልክ ገባ።

"የሚገርማችሁ፣ ይሄ ህልም ድርሰቱ ላይ አልነበረም። ተዋናያችን ነው የራሱን ህልም የሰጠን። ከልጅነቱ ጀምሮ ያየዋል" አለ።

የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ማለት ይኼኔ ነው። ወዲያው ሙዚቃ አስገቡ።

እስከ ቤት ድረስ በልቤ ከአንተ ጋር ስሟገት መጣሁ። አባትህ ጥሎን ከሄደ በኋላ ደንበኞቼን ቤት ባልቀበል በምን ላሳድግህ? መክሰስህስ እዚያው ኮሪደራችን ውስጥ፣ አግዳሚው ላይ ይጠብቅህ አልነበር? ደግሞ ህልም እንደ ፈቺው ነው ይባላልና ሌላ ፍቺ ፈለግኩለት። በሩ ሞት ነው አልኩ፤ በሩ ትምህርት ቤት ነው አልኩ፤ በሩ መንግሥት ነው ሁሉ አልኩ! አልሆነም። ጭምብል የለበትማ። በሩ የኛው በር ነው።

ትናንት ፕሮግራሙን ደገሙት። ሬዲዮኑን ደንበኞቼን የማነጋግርበት ክፍል ውስጥ ከፈትኩና በሩን ዘግቼ ወጣሁ። አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። ከዚያ ሆኖ ቃሉ አይለይም፤ ድምፄ ብቻ ነው የሚመጣው። የሴትዮዋ ድምፅ እንዴት ለስላሳ ነው ማሙሽዬ! አይቸኩልም፣ አይቆጣም። ልጇ ምንኛ የታደለ ነው አልኩ።

ፊልሙ ላይ በሩ ሲከፈት ህልሙ ይቋረጣል። በአንተ ህልም ማን ነው የሚወጣው? የምጠይቅህ እንደ ባለሙያ አይደለም፤ አልፈታውም፣ አፌን ይዤ አዳምጥሃለሁ። መናገሩ ከከበደህም ተወው፤ ብቻ ስልኩን አንሳ። ናፍቀኸኛል። ፈርቻለሁም።

እንቅልፍህን ጣፋጭ ያድርግልህ። የምትሄድበት ቤት ሁሉ ደጅ ወጥቶ የሚቀበልህ አያሳጣህ።

እናትህ