የሦስቱ ጎጥ ድምፅ

ይድረስ ለውድ አባቴ፤

እንዴት ከረሙ አባየ? ቁርጥማቱ ተሻለዎ ወይስ እንደ ልማድዎ ደብቀውን ነው? እኔም የልጅ ልጅዎም መድኃኔዓለም ይመስገን ደኅና ነን። እዚህ ቆሰበር ብርዱ እንደሚያውቁት ነው፤ ግንቦትም አላሞቀው።

የላኩብኝን መልእክት እህቴ ሕይወት ደውላ ነገረችኝ። እትየ ውዱ "ብዙዎቻችን ግጦሹ ይቆይ ብለን ሳለ እንዴት ተሸነፍን?" ብላ ብትጠይቅዎ፣ "ልጄ ታስረዳኝና እኔ ለሰው ላስረዳ" ብለዋል አሉ። በስልክ ልመልስልዎ ሞክሬ ድምፅዎን ስሰማ ስለ ዝናቡ ብቻ አውርቼ ዘጋሁት። ስለዚህ ጻፍኩ፤ እህቴ ታንብብልዎ።

አባየ፣ እትየ ውዱ ልክ ናት።

ዱሮ የወል መሬት ነገር ሲነሳ ቃል አንድ እስኪሆን ትቀመጡ ነበር። ዘንድሮ ግን ግጦሹን ለከሰል ዛፍ፣ ለዲከረንስ እናድርገው የሚሉትና ለከብት ይቆይ የምትሉት አልስማማ ስትሉ፣ "የእሳቸው ልጅ ኮሌጅ ውስጥ የአሜሪካን ምርጫ ታስተምራለች፣ እሷ መላ ትስጠን" ተባለ። ወርቅአየሁ "ላም ልጅ አላስተማረችልኝም፣ ከሰል ግን ያስተምራል" ማለቱ ውሸት አልነበረም። እትየ ውዱም ያችን አንድ ላሟን የምታግድበት ሌላ ቦታ የላትም።

እኔ ተነስቼ፣ በአሜሪካ ፕሬዚዳንት የሚመረጠው በየግዛቱ ነው፤ በአብዛኛው ግዛት ትንሽ የበለጠው የግዛቱን ድምፅ ጠቅልሎ ይወስዳል፤ እኛም እንዲሁ በየጎጡ እንቁጠር አልኳችሁ። በዚህ የተነሳ ብዙ ሰው የመረጠው ተሸንፎ እንደሚያውቅ፣ ፍትሕ ነው አይደለም እያሉም እስከ ዛሬ እንደሚከራከሩ አልነገርኳችሁም። ለተማሪዎቼ ግን በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ እጽፈዋለሁ። እዚያ እንኳ ብዙ ሕዝብ ያለው ግዛት ብዙ ድምፅ አለው፤ እኔ ትልቁን የእኛን ጎጥ ከሁለቱ ትንንሾች ጋር አስተካክዬ አንድ አንድ ድምፅ ሰጠሁ። የእኛ ጎጥ ከጥቂት ሰው በቀር ግጦሹ ይቆይ አለ። ሁለቱ በሁለት በሁለት ሰው ብልጫ ዲከረንስ አሉ። ሁለት ለአንድ ተሸነፋችሁ። አላወቅሁም ብዬ አልዋሽዎትም። ያን ሁሉ በአማርኛ የተናገርኩትም ለዚህ ነው፤ በአገውኛ ቢሆን ምላሴ እሺ አይለኝም ነበር።

ከሁሉ ያሳፈረኝ የእርስዎ ነገር ነው። እርስዎ ራስዎ ግጦሹ ይቆይ ባይ ሆነው፣ የጎጣችን ሰው ሲያጉረመርም ብድግ ብለው "የተማረ ይግደለኝ! ልጄ ያየችው አለ፤ ዝም በሉ" አሏቸው። እሺ ብለው ተቀመጡ። ያመኑት እርስዎን እንጂ እኔን አይደለም። ስመለስ ባጃጅ ውስጥ ፊቴን በነጠላ ሸፍኜ ሳለቅስ ሹፌሩ ለቅሶ ደርሼ የመጣሁ መስሎት አጽናናኝ። እንዴት እንዳፈርኩ!

ባለቤቴ ምንይችል ከሰል ጭኖ እንደሚሸጥ ያውቃሉ። ስብሰባው በተጠራ ሰሞን ስለማስተምረው ትምህርት ይጠይቀኝ ጀመር፤ ከተጋባን ጀምሮ አንድ ቀን ጠይቆኝ የማያውቀውን። በየጎጡ ይቆጠር የሚለውም መጀመሪያ ከእሱ አፍ ነው የወጣው። ከዚህ በላይ አያስጽፉኝ። ብቻ ከእንግዲህ በእሱ ስልክ አይደውሉልኝ፤ በእኔው ይደውሉ። እኔና ልጄ ለጊዜው የሥራ ባልደረባዬ ቤዛዊት ዘንድ ነን። ለእማማ አሁን እንዳይነግሯት።

አባየ፣ ችግኙ ገና አልተተከለም። ዝናቡ ሳይጠና የፊታችን እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሰው ይጥሩልኝ። ቆሜ ይህንኑ በአገውኛ እናገራለሁ፤ ከዚያ እንደ ዱሮው ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩበት። ሰው ሲቆጣኝ "ልጄ ናት" ብለው እንዳይሟገቱልኝ። አንድ ጊዜ ቆመውልኛል፤ ይበቃኛል። ያን ቀን ከእትየ ውዱ አጠገብ ይቀመጡ።

መድኃኔዓለም ዕድሜዎን ያርዝምልኝ፤ ፊትዎን ለማየት አያሳጣኝ።

በስምዎ የታመነችው ልጅዎ