ከነጩ ቀለም ሥር

ሙሌዬ፣

ከቤት ከወጣህ ዓመት ከሁለት ወር ሆነህ። እንዴት ነህ ብዬ ልጠይቅህ ባልችልም፣ እኛ እንዴት እንደሆንን ልነግርህ ቁጭ ብያለሁ።

ጋራዡን አልዘጋሁትም። ቀለሙን ወንድምህ ይረጫል፤ መጨረሻ ላይ የሚረጨው ማብለጭለጫ፣ ክሊሩ፣ ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት እያሸሁ የማለሰልሰው እኔ ነኝ። እንዳስተማርኸኝ ወረቀቱን ቁራጭ ጎማ ላይ ጠቅልዬ፣ ውሃው ላይ ትንሽ ሳሙና ጠብ አድርጌ፣ ሳልጫን አሻለሁ። ጠርዝ ላይ ክሊሩ ስስ ነው ስትለኝ የነበረውንም አልረሳሁም።

ባለፈው ወር አንድ የማላውቀው ሰው ነጭ ፒካፕ አመጣ። በችኮላ የተቀባ ነበር፤ ሲዳስሱት ይሻክራል። "መስታወት አስመስይልኝ" አለኝ። ከመኪናው ይልቅ ቤታችንን ሲያይ ቆይቶ ሄደ።

በሩን ሳሽ እጀታው ሥር፣ ጠርዙ ላይ፣ እጄ በዛበት። ክሊሩ አለቀ፣ ነጩም አለቀ፤ በክንዴ የሚወርደው ውሃ አረንጓዴ ሆነ። ያንን አረንጓዴ አውቀዋለሁ። ገለጉ ከተማ ለሚኖረው ሰሊጥ አራሽ መኪና ቀለሙ አልገጥም ብሎህ፣ ቢጫ ጠብ እያደረግህ ግማሽ ቀን ስታማስል አጠገብህ ነበርሁ። ባለቤቱ ታሞ ስለቀረ አንተው ልታደርስለት ይዘኸው ወጣህ። አንተ ከሽንፋ ከተማ ወዲያ መንገድ ዳር ወድቀህ ተገኘህ፤ መኪናው ጠፋ።

አረንጓዴ መኪና ብዙ ነው ብዬ ራሴን አባበልሁ። ከዚያ በበሩ ጠርዝ ዙሪያ የሚለጠፈውን ጎማ ገለጥሁት። ቀለም መድረቁን የምትፈትሸው እዚያ፣ ማንም በማያየው ቦታ፣ በአውራ ጣትህ ነበር። ሁልጊዜ ስለምትቸኩል አሻራህ ይቀራል፤ እኔም እስቅብህ ነበር። አሻራህ እዚያው አለ ሙሌ። ጣቴን ደረብሁበት።

ለባለሱቁ ጎረቤታችን ለሐጂ ነገርኋቸው። "ጎማውን መልሺው፣ ፊትሽን ታጠቢና ሥራሽን ቀጥዪ" አሉኝ። ፖሊስ ዘንድ እሳቸው ሄዱ። መኪናው ተወሰደ፤ ሰውየው ግን እስከ ዛሬ አልተያዘም።

መኪናው በተወሰደ በሦስተኛው ቀን ስልክ ተደወለ። ድምፁ ረጋ ያለ ነው። "እጅሽ ጎበዝ ነው ይላሉ። ልጆቹ ትምህርት ቤት የሚሄዱት በየት በኩል ነው?" አለኝና ዘጋው።

በማግስቱ ልጆቹን ጎንደር እናቴ ዘንድ ላክኋቸው። ትንሿ ልጃችን መኪና ስትሳፈር፣ አንተ ስትመጣ በር ማን እንደሚከፍትልህ ጠየቀችኝ። የመኪናውን በር ዘጋሁላት።

ከዚያ ወዲህ አንድ ባጃጅ ከጋራዡ ፊት ለፊት ቆሞ ይውላል። ሰው አይጭንም። ወንድምህ እንሂድ ይለኛል፤ ሐጂም እንደሱ። ግን ያ ቀለም እንዴት እንደተበጠበጠ፣ በማን እጅ እንደተበጠበጠ ቆሜ ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ። እኔ ከሄድሁ ማን ይናገራል?

ዛሬ ባጃጆቹ ሁለት ሆነዋል።

ሙሌዬ፣ አልረሳህም። ሰውየው ተይዞ፣ ዳኛ ፊት ቆሜ ቃሌን እስክሰጥ ከዚህ አልነቃነቅም። ያን ቀን ስምህን ከነአባትህ ስም እጠራዋለሁ፤ የገደሉህ ሰዎች እዚያ ተቀምጠው እየሰሙም ቢሆን።