በነሐሴ በቆሎ ላሳጨዱት ክቡር ሴናተር

ለክቡር ሴናተር ፕሬንቲስ ሎቬል
ለሁለተኛ ጊዜ የፕሬዝዳንትነት ዕጩ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ እርስዎ፣ ባለቤትዎ፣ አማካሪዎችዎና የአማካሪዎችዎ አማካሪዎች በሙሉ ጤንነት እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። እኛ በአዮዋ የዊሎ ፎርክ ወረዳ ነዋሪዎች ደኅና ነን፤ ሐኪም እየራቀብን ስለሄደ ደኅና ከመሆን ሌላ ምርጫ የለንም። አርዲስ ቶርክልሰን እባላለሁ። ሠላሳ አራት ዓመት የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነድቼ ጡረታ የወጣሁ፣ የፓርቲያችን የወረዳ ሊቀ መንበር ነኝ። ምናልባት ቢረሱኝ፣ ከአራት ዓመት በፊት በረንዳዬ ላይ ተቀምጠው የጋገርኩትን የፖም ፓይ ሁለት ቁራሽ ከበሉ በኋላ፣ «እኔ ፕሬዝዳንት ከሆንኩ የሆስፒታላችሁ ማዋለጃ ክፍል አይዘጋም» ብለው እጄን የጨበጡኝ ሴት ነኝ።

ጋዜጦች እንደሚሉት ሰሞኑን ምክትልዎን ለመምረጥ ደጅ ዘግተው ተቀምጠዋል። ባለፈው ጊዜ ይህንኑ ሲያደርጉ ያሳዩት ጥበብ ተመዝግቦ ካልቀረ ለትውልድ ስለሚያሳዝን፣ እንደሚከተለው በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ያን ጊዜ ከስም ዝርዝርዎ ውስጥ የእኛዋ ማርቬላ ክዊስት ነበረች፤ የግዛታችን የእርሻ ኃላፊ፣ ከዚያም በፊት የሆስፒታላችን የቦርድ ሰብሳቢ ሆና ያንን ማዋለጃ ክፍል ዐሥራ አንድ ዓመት በጥርሷ ነክሳ ያቆየች ሴት። ሰዎችዎ ሁለት መቶ ዐሥራ ሁለት ጥያቄ ላኩላት፤ በሰባተኛ ክፍል ከማን ጋር እንደተጣላች ሳይቀር ጠየቋት። የተጣላችው ከእኔ ጋር ነበር፤ እውነቱም ከእሷ ጋር ነበር። ሁሉንም መልሳ ከላከች በኋላ አንድ ወጣት አማካሪዎ ስልክ ደወለልኝና፣ «ወይዘሮ ቶርክልሰን፣ አይቀየሙን እንጂ አዮዋ እኮ በኪሳችን ናት። እሷን መምረጥ ማለት ያገቡትን ሚስት እንደገና ማጨት ነው!» አለኝ። ያገቧት ሚስት አዮዋ ጥቅምት መጨረሻ ላይ በምርጫው ዕለት ጥላዎት እንደሄደች ሳይሰሙ አይቀሩም።

ሁለተኛ፤ በማርቬላ ምትክ ከባሕር ዳርቻ ግዛት የመጡትን አገረ ገዥ ዊትፊልድ ክሬንን መረጡ። ምክንያቱም ሰውየው መልከ መልካም ከመሆናቸው በላይ ግዛታቸውን ይዘው ይመጣሉ ተባለ። ግዛታቸው ግን አልመጣችም፤ በዘጠኝ ነጥብ ልዩነት እምቢ አለች። ጎረቤቶቻቸው ከእኛ ይልቅ ያውቋቸው ኖሯል። ለምክር ከፍለው የሚያኖሯቸውን ሊቃውንት ሳስብ፣ አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች የተባለችው ሴት ትዝ ትለኛለች፤ እሷስ ያጠበችው አንድ መጽሐፍ ብቻ ነው።

ሦስተኛ፤ እዚህ ላይ ይታገሡኝ። ክቡር ክሬን የገበሬ ወዳጅ መሆናቸው እንዲታይ ተብሎ፣ በነሐሴ አጋማሽ ዴልበርት ሩስ የተባለው ጎረቤቴ እርሻ ላይ በእህል ማጨጃው ኮምባይነር ወንበር ተቀመጡ፤ ፎቶ አንሺው በቆሎው መሃል እንዲነዱ ለመናቸው፤ ነዱትም። ዴልበርት ባርኔጣውን እያወዛወዘ ከኋላ ሮጠ። «ጌታዬ፣ ያቁሙት! ገና እሸት ነው እኮ! ሰባት ሳምንት ይቀረዋል!» ፎቶ አንሺው ግን፣ «ግዴለም አባባ፣ ካሜራው አይለየውም» አለው። ካሜራው አለመለየቱ እውነት ነው። እኛ ግን ለየነው። ያ ፎቶ በመላ አዮዋ ጋዜጦች ላይ ሲወጣ፣ አረንጓዴ በቆሎ በኮምባይነር የሚያጭድ ሰው ለምክትል ፕሬዝዳንትነት የታጨው እኛን ለማክበር ነው ብሎ የሚያምን አንድም ገበሬ አላገኘሁም። አዮዋ ላይ በአራት ሺህ ድምፅ ተሸነፍን። አዮዋን ብቻ ቢይዙ ኖሮ ፕሬዝዳንት ነበሩ።

ቢሆን ኖሮ! በእህል ማከማቻው ቢሮ በየጧቱ የሚሰበሰቡት ሽማግሌዎች ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ሌላ ወሬ የላቸውም። «ማርቬላን ይዞ ቢሆን ኖሮ ይሄኔ ነጩ ቤት ውስጥ ነበር» ይላል ዴልበርት። «ተወኝ ባክህ!» ይለዋል ሃርሎ ቬንስትራ፤ «ያንተን በቆሎ ያጨደው አገረ ገዥ በረት ቢገባ ላሟን በቀንዷ ያልባት ነበር!» እርስዎም በበኩልዎ በትዝታ መጽሐፍዎ ሦስት ምዕራፍ ሙሉ «ቢሆን ኖሮ» እያሉ ጽፈዋል፤ ዝናቡን ወቅሰዋል፤ የተበላሸውን ማይክሮፎን ወቅሰዋል፤ የመራጩን ስንፍናም በጨዋ ቋንቋ ነካ አድርገዋል። በቆሎውን ግን አንድም ቦታ አላነሱትም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል፤ ቢያንስ ውሻው የጮኸው ወደ ጅቡ አቅጣጫ ነው።

አራተኛውን በቁጥር ልጽፈው ጀምሬ ተውኩት፤ ከሌሎቹ ጋር የሚቆጠር አይደለም። እርስዎን ያሸነፉት ሰው ለትናንሽ ሆስፒታሎች የሚሰጠውን ድጎማ ሰረዙት፤ ማዋለጃ ክፍላችንም ባለፈው ሚያዝያ ተዘጋ። የልጅ ልጄ ብሪታ ነፍሰ ጡር ናት፤ ቀኗ ጥቅምት መጀመሪያ ላይ ነው። የመጀመሪያ ልጇ ምጥ ከጀመራት በአርባ ደቂቃ ውስጥ ተወለደች። አሁን ቅርቡ ማዋለጃ ሃምሳ ስምንት ማይል ይርቃል። እኔም መንዳት የኖርኩበት ሥራ ነውና መንገዱን ሰዓት ይዤ ነድቼ አየሁት፤ አንድ ሰዓት ከስድስት ደቂቃ ይፈጃል። ይህ ግን በሐምሌ ነው። በጥቅምት አጨዳ ነው፤ ኮምባይነሮቹ ከእርሻ እርሻ ሲዛወሩ ያንን ጠባብ አስፋልት ከዳር እስከ ዳር ይሞሉታል፤ ማለፍ አይቻልም፤ ከኋላቸው መንፏቀቅ ብቻ ነው። በቆሎ መቼ እንደሚታጨድ የማያውቅ ሰው፣ ያ መንገድ መቼ እንደሚዘጋም አያውቅም። እፈራለሁ፣ ክቡር ሆይ። ይህችን ቃል ያለ አሽሙር ነው የጻፍኳት።

አሁን ቢያሸንፉም ለብሪታ አይደርሱላትም። ከእሷ በኋላ ለሚወልዱት ግን ይደርሱ ይሆናል። ወሬው እንደሚለው ክቡር ክሬን እንደገና በዝርዝርዎ አናት ላይ አሉ፤ በዚህ ጊዜ ፀጉራቸውን አሳጥረዋል አሉ፤ ይህንን መሻሻል በአድናቆት ተመልክተነዋል። ማርቬላ ክዊስት ዛሬም ስልኳን ራሷ ታነሳለች፤ ሁለት መቶ ዐሥራ ሁለቱ መልሶችም አልተቀየሩም።

ውድ ጊዜዎን ስለተሻማሁ ይቅርታዎን እየለመንኩ፣ ለበሉት ፓይ፣ ለጨበጡት እጅ፣ ለረሱት ቃል ሁሉ የላቀ ምስጋናዬን በአክብሮት አቀርባለሁ።

እስካሁን የእርስዎ የሆነች፣
አርዲስ ቶርክልሰን
የዊሎ ፎርክ ወረዳ የፓርቲ ሊቀ መንበር

ማስታወሻ፤ ማክሰኞ ዕለት ከቢሮዎ ተደውሎ፣ በነሐሴ ለምክትልዎ ፎቶ የሚሆን ኮምባይነር እንድንፈልግ ተጠይቀናል። ዴልበርት የእሱን ለማዋስ ፈቅዷል፤ ግን በጥቅምት መጀመሪያ ብቻ ነው የሚያውሰው። ክቡርነታቸው ያኔ መጥተው አስፋልቱ ላይ ይንዱት። ከኋላቸው ጥሩምባ ሳታቋርጥ የምትነፋ ነጭ መኪና ካዩ፣ መሪውን የያዝኩት እኔ ነኝ።