ዛሪማ ላይ የቆየው ፍሪሲዮን

አባዬ፣

ከተለየኸን ስምንት ሚካኤል አለፈ። ሌላው በወርና በሳምንት ይቁጠር፤ እኔ ባንተ አቆጣጠር ነው የምሄደው። እማዬ ደህና ናት፤ ጉልበቷ ግን እንደተውከው ነው፣ ዳገት ሲያይ ይለግማል። እኔም ሆስፒታል ሥራዬ ላይ እንደነበርኩ ነኝ። በሽተኞቹ መርፌ ስወጋ እጅሽ ቀላል ነው ይሉኛል፤ ጉራህን ወርሼ መሰለኝ ደስ ይለኛል። ማኪናህ ግቢው ውስጥ እንደቆመች ናት። የኋላ ወንበሯን ዶሮዋ ይዛ እንቁላል ትጥልበታለች። ከዚያች ማኪና ጥቅም ሲገኝ ይህ የመጀመሪያው ነው ብላ እማዬ ቀልዳለች፤ አትቀየማት።

የምጽፍልህም ስለ ማኪናዋ ነው። ያቺን ከጣሊያን የቀረች አሮጊት ከአንድ ጡረተኛ ስትገዛት እማዬን በምን እንዳባበልካት አልረሳሁም። ፊት ወንበር ላይ አስቀምጬ ትክል ድንጋይ አገርሽ ወስጄ እናትሽ ደጅ ድረስ አደርስሻለሁ አልካት፤ ይህንኑም ላገኘኸው ሰው ሁሉ አወራህ። እሷም ለመንገዱ ብላ ጥለቱ ሰፊ የሆነ ነጠላ አሠርታ ሳጥን ውስጥ አስቀመጠች። በሦስተኛው ሳምንት ፍሪሲዮኗ ተበላና ማኪናዋ ቆመች። ሞተሩ ሰፈሩን እስኪያስነሳ ይጮኻል፣ እሷ ግን ንቅንቅ አትልም።

ለእንደዚያ ያለ አሮጌ ዕቃ የሚሞክር ሰው በከተማው አንድ ብቻ ነበር፤ ቅዳሜ ገበያ ጥግ ባለች ጠባብ ሱቁ ብሎን፣ አምፖልና አሮጌ ጎማ የሚሸጠው አያ ዘለቀ። የሚካኤል ማኅበርተኛህ ነው፤ በየወሩ አንድ ጽዋ ትጠጣላችሁ። ከአስመራ አስመጣልሃለሁ ሲልህ ዋጋውን በሙሉ ቀድመህ ሰጠኸው። እማዬ ደረሰኝ ተቀበልክ ወይ ብትልህ ተቆጣህ። ከአንድ ጽዋ አብሮ የጠጣን ሰው እንዴት ፈርም ይሉታል አልካት።

ከዚያ ወዲያ ፍሪሲዮኑ በመንገድ ኖረ። ማኅበር በመጣ ቁጥር አያ ዘለቀ አጠገብህ ይቀመጥና፣ ዳቦው ተቆርሶ ጽዋው ሳይዞር፣ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ዕቃው የደረሰበትን ይነግርሃል። አንዱን ወር አክሱም ገባ፣ ሌላውን ወር ሽሬ አደረ። ዛሪማ ላይ ግን በጣም ቆየ። አንድ ጊዜ መንገዱ ተዘጋ፣ አንድ ጊዜ ሾፌሩ ታመመ፣ አንድ ጊዜ ዝናብ ነው። አንተም ቤት ስትገባ ገና ጋቢህን ሳታወልቅ ዛሪማ ደርሷል ትላለህ። እማዬም ምነው፣ እዚያው አግብቶ ቀረ እንዴ ትልሃለች።

ቀበሌ የሚንቀሳቀሰውን ማኪና ሁሉ ለዘመቻ ሲመዘግብ ያንተዋ በመቆሟ ተረፈች። ያን ቀን ዘለቀ ባለውለታዬ ነው ብለህ ሆድህን ይዘህ ሳቅህ። እኔ ግን በግኜ ነበር። ሰውየው አታላይ፣ አንተ ደግሞ የዋህ ትመስሉኝ ነበር።

ስታርፍ ማኅበርተኞቹ ቦታህ ባዶ እንዳይቀር ልጁ ትተካ አሉ። ተቀበልኩ፤ እውነቱን ልንገርህ፣ ለሚካኤል ብዬ ብቻ አልነበረም። ተራችን ደርሶ ማኅበሩ ቤታችን ሲገባ፣ ቄሱም ሰዉም ባለበት አያ ዘለቀን ላፋጥጠው አስቤ ነበር። ዕቃውን ያምጣ፣ ወይም ገንዘቡን ይመልስና እማዬ እናቷን ትይበት። እንደዚያ ከተዋረደ ዳግመኛ ጽዋ ላይ እንደማይቀመጥ አውቃለሁ። ግድ አልሰጠኝም።

በዋዜማው ሐሳቤን ለእማዬ ስነግራት ድፍድፉን እየጠመቀች ሰማችኝና አንተ ያልካትን ነገረችኝ። አያ ዘለቀ ብሩን ለአንድ ሾፌር እንደሰጠ፣ ሾፌሩም በዚያው እንደቀረ፣ አንተ ከሌላ ሰው ሰምተህ ነበር፤ ያውም ከዓመታት በፊት። ማወቄን ካወቀ አፍሮ ማኅበሩን ይተዋል፤ ፍሪሲዮኑስ ቀረ፣ ሰውየው ደግሞ ለምን ይቀርብናል ብለሃታል። ለካ በየወሩ ዛሪማ ደርሷል እያልክ የምትገባው እያወቅህ ነው። አባዬ፣ የዋህ ስልህ የኖርኩትን ይቅር በለኝ።

በማግስቱ አያ ዘለቀ መጣ። እንደ ልማዱ ካንተ ቦታ አጠገብ ተቀመጠ፣ ቦታህ ላይ እኔ ነበርኩ። ካረፍክ ወዲህ በጣም ሸምግሏል። ጽዋው ሊዞር ሲል አንገቱን ወደ እኔ ዘንበል አደረገ፤ ልጄ፣ ያ ዕቃ እኮ ብሎ ጀመረና ዓይኑ እንባ ሞላ። ሊናዘዝልኝ እንደሆነ ስለገባኝ ቀደምኩት። አያ ዘለቀ፣ ዕቃችን የት ደረሰ አልኩት። ዓይኑን በጋቢው ጫፍ አበሰ። ከዚያ ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ ሸጋ ነው ልጄ፣ ሊማሊሞን ወጥቶ ደባርቅ ገብቷል አለኝ። እማዬ ከጓዳ ሰምታው ኖሮ ሳቋን ለቀቀችው። ካንተ ወዲህ እንደዚያ ስቃ አታውቅም።

በሳምንቱ አያ ዘለቀ እህል ሊጭን ወደ ትክል ድንጋይ የሚወርድ የጭነት ማኪና ይዞ ደጃችን ቆመ። እማዬን በእጁ ደግፎ ፊት ወንበር ላይ አስቀመጣት፤ እሱ ከእኔ ጋር ከኋላ ባዶ ጆንያ ላይ ተቀመጠ። ያን ነጠላ ለብሳዋለች። እናቷ ደጅ ስትወርድ ማን አመጣሽ ቢሏት ባሌ አለች።

ቦታህን ለማንም አልለቅም። ሚካኤል በመጣ ቁጥር ዕቃችን የት ደረሰ ብዬ አያ ዘለቀን እጠይቀዋለሁ፤ በጠየቅሁት ቁጥርም አስብሃለሁ። እኛ ጋ ለመድረስ ገና ዳባትና አምባ ጊዮርጊስ ይቀሩታል። ሰውየው አርጅቷልና ፍሪሲዮኑ ቀስ ብሎ ይምጣ።

ልጅህ ውባለም