ደህና ነው ስለተባለው ግራ ዓይኔ

ለተከበሩ አቶ ሀይሉ፣ የከተማችን የዓይን ክሊኒክ ኃላፊ
ሸዋ ሮቢት

አሰላሙ ዐለይኩም፤ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ቤተሰብዎስ? የሰሞኑ የቆላ ሙቀት ቢሮዎ እንደማይገባ ስለማውቅ ስለ እሱ አልጠይቅም። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ፤ ደህና መሆኔን የነገረኝ የእርስዎው ክሊኒክ ስለሆነ መጠራጠሩ ነውር ይሆንብኛል።

አብዱልሰመድ እባላለሁ፤ ዕድሜዬን ሙሉ ማሾ ስገዛና ስሸጥ የኖርኩ ሰው ነኝ። አምና የቀኝ ዓይኔ መካከሉ ጠፋ፤ በእርጅና የሚመጣ የዓይን ጀርባ ሕመም ነው ተባልኩ። አሁን ግራውም ያንኑ ጀምሯል፤ የሰው ጆሮና ትከሻ ይታየኛል፣ ፊቱ ግን የለም። ዓይን ውስጥ የሚሰጠው መርፌ ቶሎ ከደረሰ ሊያቆመው ይችላል ብለውኛል። መርፌው ያለው አዲስ አበባ ነው፤ እዚያ ያለው ሐኪም ቤት ደግሞ የእርስዎ ክሊኒክ ካልላከኝ አይቀበለኝም። ስለዚህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ. የዓይን ጀርባን ፎቶ እያነሳ የደሙን ዝውውር የሚለካ መሣሪያ ስላስመጡልን እናመሰግናለን። ሙቀት እንዳይጎዳው ኤሲ ባለው ብቸኛ ክፍል፣ ማለትም በራስዎ ቢሮ፣ ስላስቀመጡትም እንዲሁ። እርስዎ ስብሰባ ላይ በሆኑ ቁጥር ከጀውሃና ከአጣዬ ከመጡ ሽማግሌዎች ጋር በረንዳው ላይ ተቀምጠን በደንብ ተዋውቀናል።

፪ኛ. ተራዬ ሲደርስ ባለሙያው ፈይሰል አገጬን አስደግፎ መሣሪያው ውስጥ ያለችውን አረንጓዴ ነጥብ ትኩር ብዬ እንዳይ አዘዘኝ። እኔ ነጥብ የሚባል አላየሁም። ነጥቧን የማያይ ፎቶ አይነሳም፤ ፎቶ ያልተነሳም አዲስ አበባ አይላክም። ነጥቧን ማየት ብችል ኖሮማ እናንተ ዘንድ ምን አመጣኝ?

፫ኛ. ከኋላዬ ብዙ ሰው ይጠብቃል፣ ፈይሰልም ደክሞታል፤ በዚህ ዕድሜዬ ሰው ማስቸገር አሳፈረኝ። እንደለመድኩት ዓይኔን ወደ ጎን ዘወር ሳደርግ ነጥቧ በዳር ብቅ አለችና አየኋት አልኩ። ፎቶው የተነሳው ታዲያ ገና ያልተነካው የዓይኔ ዳር ነው። እርስዎም የደም ዝውውሩ ጥሩ ስለሆነ ከዓመት በኋላ እንድመለስ ፈረሙልኝ። ልጄ ናጅዋ ስታነብልኝ እልል ልትል ትንሽ ነው የቀራት።

፬ኛ. ፈይሰል ኋላ ምስሉን ሲያይ ስህተቱ ገብቶት ይደገም ብሎ ለመነዎት። እርስዎ ግን ጤነኛ ዓይን ሁለቴ እንደማይነሳ መመሪያ ጠቅሰው መለሱት። በሽተኛ ነኝ እንዳልል ጤነኛ ነህ ተብያለሁ፤ ጤነኛ ነኝ እንዳልል አላይም።

ዱሮ ከእፍኝ ማሾ ውስጥ አንዲት ጠጠር አታመልጠኝም ነበር። ባለፈው ልቅሶ ቤት ሄጄ ሐዘንተኛውን በጎን እያየሁ ባጽናናው የናቅሁት መስሎት ፊቱን አዞረብኝ። ፈርቻለሁ አቶ ሀይሉ፤ ይህ ዓይን ዓመት አይጠብቅም። ወይ ፎቶውን ይድገሙልኝ፣ ወይ ያለ ፎቶ ይላኩኝ።

ሥራዎ የተቃና፣ መመሪያዎ የጸና፣ ሁለት ዓይንዎም እስከ እርጅናዎ የሚያገለግልዎ እንዲሆን በመመኘት፣

በፊርማዎ ጤነኛ የሆንኩት አክባሪዎ
አብዱልሰመድ

ተጨማሪ፦ በቀጠሮዬ ስመጣ ማንነትዎን መለየት ስለማልችል ከወዲሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ። እባክዎ በአጠገቤ ሲያልፉ ድምፅዎን ያሰሙኝ፤ ዓይንህ ደህና ነው ብሎ የፈረመልኝን ሰው ሰላም ሳልል ባሳልፍ ነውሩ የእኔ ይሆናል።