በሩ ፊት የቆመው ሰነፍ

ውድ ጌታዬ፣

ወይም ያን ቀን ባወጣሁልዎት ስም ልጥራዎትና፣ ውድ ሰነፉ፣

ደብዳቤዎ ደረሰኝ። ወንድሜ ጮክ ብሎ ሊያነበው ሲል ቀምቼው ጓዳ ገባሁ። ጥሩም አደረግኩ፤ መጨረሻው ላይ ያለችው ጥያቄ ለወንድም ጆሮ የምትሆን አይደለችም። መልስ እሰጥዎታለሁ። በፊት ግን የምናዘዘው ነገር አለኝ፤ እሱን ሳልናገር ብመልስልዎት ሕሊናዬ አያርፍም።

ያኔ የእስር ግንቡን ኖራ እንድንቀባ የተጠራነው ገዢው ሊመጣ ነው ተብሎ ነበር። አምስት ቀቢዎችና አለቃቸው እኔ፣ ስድስት ሰው። ኖራውን ስበጠብጥ ነው ከዘበኞቹ ወሬ የሰማሁት። ለካ ገዢው የሚመጣው የእርስዎን ስቅላት ለማየት ኖሯል! ጥፋትዎ ደግሞ በዚያ የረሃብ ዓመት የመንግሥቱን ጎተራ ከፍተው እህሉን ለሕዝብ ማደልዎ። እናቴን ለዛሬ ያበቃት ያ እህል ነው። አሁን እኔ፣ ልጇ፣ ለእርስዎ መሰቀያ ግድግዳ ላሳምር? የበላሁበትን ወጪት መስበር አልሆንልሽ አለኝ።

ክፍልዎ በሦስት ቀን ሦስት ጊዜ መቀባት ነበረበት። የክፍሉ ጠባቂ ኖራ ስለሚያስነጥሰው ርቆ ይቀመጣል። በመጀመሪያው ቀን ጠጋ ብዬ "እናስመልጥዎት" ስልዎት ምን አሉኝ? "ልጄ፣ ኖራሽ ጓጉሏል።" ሞት ደጃፍዎ ቆሞ ስለ ኖራዬ! ውስጤ እርር አለ፣ ግን ዋጥኩት።

ስድስት ከገባን ስድስት መውጣት አለብን፤ በር ላይ ይቆጥሩናል። ስለዚህ በውጭው ግድግዳ በገመድ ተንጠልጥሎ የሚቀባው ወንድሜ እዚያው በገመዱ ወርዶ እንዲሄድ፣ እርስዎ በእሱ ቦታ እንዲገቡ አሰብን። "እኔስ በገመዱ ብወርድ?" አሉ። መስኮቱ ጋ ወስጄ ቁልቁል ሳሳይዎት ፊትዎ ከኖራው ብሶ ነጣ። በዋናው በር መውጣትዎ በዚሁ ተወሰነ።

ከዚያ ትምህርት ጀመርን። ሲራመዱ ደረትዎ ቀድሞ ይደርስና እርስዎ ኋላ ይመጣሉ።

"ጎንበስ ይበሉ እንጂ፣ ወገብዎን የሚቆርጥዎት ይምሰሉ።"

"እንዴት ነው የሚቆርጠው?"

"ሁለት ባልዲ ይሸከሙና ያውቁታል።"

አወቁት። በሦስተኛው ቀን መዳፍዎ ውሃ ቋጥሮ አየሁ፤ አንዴም "አመመኝ" አላሉም። ያኔ ልቤ ወደ እርስዎ አደላ። ይኸው ተናገርኩት።

በዚያው ቀን ቀትር ላይ ብርድ ልብስዎን በባዶ የኖራ ከረጢት ሞልተን አስተኛነው። ለጠባቂው "ተኝቷል፤ ኖራው እስኪደርቅ ማንም እንዳይገባ፣ ዓይን ያጠፋል" አልኩት። ወንድሜ በገመዱ ወርዶ ሄዷል፤ እርስዎ የቀቢ ልብስ ለብሰው፣ ፊትዎ በኖራ ተለቅልቆ ከመሃላችን ነበሩ፤ እያስነጠሰ ማንን ይለያል? በሩን ቆለፈ፣ መቆለፉንም ሁለቴ ነቅነቅ አድርጎ አረጋገጠ። ባዶ ክፍል እንዲህ ተጠንቅቆ የሚቆልፍ ሰው አይቼ አላውቅም።

ዋናው በር ጋ ደረስን። የበሩ ዘበኛ "አራት፣ አምስት፣ ስድስት። ውጡ!" አለ። መቀርቀሪያው ተነስቷል፤ የቀረው በሩን መክፈት ብቻ ነው። ከፊት ያሉት እርስዎ ነዎት። እርስዎ ግን ባልዲዎን ይዘው ቆሙ። ዝም ብለው ቆሙ! የረሳሁት ነገር ያኔ ገባኝ። መጎንበስ አስተማርኩ፣ መሸከም አስተማርኩ፤ ከተወለዱ ጀምሮ በር ከፍተው እንደማያውቁ ግን ማን ይገምታል? ሁልጊዜ የሚከፍትልዎት ሰው ነበር፤ እሱን እየጠበቁ ነው። ዘበኛው ትክ ብሎ ያይዎት ጀመር።

እጄ ቀደመኝ። ማጅራትዎን ጧ! "አንተ ሰነፍ! በሩ ራሱ ተከፍቶ 'ይለፉ ጌታዬ' እንዲልህ ነው?"

"ምንሽ ነው ይሄ?" አለ ዘበኛው።

"ባሌ ነው!"

"ውይ አንቺ፣ እግዜር ያጥናሽ!"

እርስዎ ደግሞ የሚሳበውን በር መግፋት ያዙ። ደገምኩዎት። ዘበኛው እንባው እስኪፈስ ስቆ፣ "ተዪው፣ ተዪው ምስኪን" እያለ በገዛ እጁ ከፈተልዎት። ጌትነት አይለቅም መቼም፤ የወህኒው በር እንኳ በዘበኛ ተከፈተልዎት።

አሁን ኑዛዜዬ። የመጀመሪያው ጥፊ ነፍስዎን ለማዳን ነው። ሁለተኛው ግን "ኖራሽ ጓጉሏል" ላሉኝ ነበር፤ ይቅር ይበሉኝ። ሦስተኛ ኑዛዜም አለኝ። "ወንድሜ ነው" ማለት እችል ነበር፤ ወንድምም አለኝ። "ባሌ ነው" ያልኩት አፌ ተሳስቶ አይደለም።

ገዢው ሞቶ ምሕረት እንደወጣልዎት፣ ከሦስት ዓመት ስደት በኋላ እንደሚመለሱ፣ አሁን በአንዲት ክፍል ውስጥ ልብስዎን ራስዎ እንደሚያጥቡ ሳነብ ብቻዬን ስስቅ ዋልኩ። "ለዘበኛው የነገርሽው ቃል አሁንም አለ ወይ?" ብለው ጠይቀዋል።

እንግዲህ ስማኝ፣ ሰነፉ። ከድልድዩ አልፈህ ሦስተኛው ቤት ነን፤ ግድግዳው ከሁሉም ይነጣል፣ ኖራውም አልጓጎለም። ደጃፉ ላይ ዘበኛ የለም። በሩ አይሳብም፣ ይገፋል፤ ታች ላይ ስለሚይዝ በትከሻህ ደገፍ አድርገው። ቆመህ እንዳትጠብቅ።

ለዘበኛው የዋሸችውን እውነት ልታደርግ የተሰናዳችው፣

አለቃህ