እኔ የማልተረጉመው

ይድረስ ለወንድሜ ለጃፈር፤

አሰላሙ ዓለይኩም። ጤናህ እንዴት ነው? ኩለሱምስ ከአራስ ቤት በደህና ወጣች? ሕፃኑ ጡት ይጠባል? ራጃስ አልቀናችበትም? የሞያሌው ሙቀት በረድ አለላችሁ? እኛ እዚህ ናይሮቢ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ደህና ነን የምለው ልማድ ሆኖብኝ ነው እንጂ እኔስ ተናድጃለሁ። ብደውል ስለምታቋርጠኝ ጻፍኩልህ፤ በነገው አውቶቡስ ይደርስሃል።

ትናንት ለእማዬ ስትደውል ስልኩ ስፒከር ላይ ነበር። «ቀኑን ሙሉ ስልክ ከመነካካት በቀር ምን ትሠራለች? ትምህርቱን ትተወውና እዚህ መጥታ ኩለሱምን ታግዝ» አልክ። አባባ ወደ አኼራ ከሄደ ወዲህ የቤቱ ቃል ያንተ ነውና እማዬ እሺ አለችህ። እኔን የጠየቀኝ የለም።

ስልኩን የምነካካው እኮ የሱቃችን ደንበኞች በስዋሂሊ ስለሚጽፉ ነው። እማዬ ስዋሂሊ አትችልም። አከራዩ ሲቆጣ የምመልስለት እኔ፣ የትንሹ ወንድማችን የሱፍዋን አስተማሪ ወላጅ ስትጠራ ከክፍሌ ወጥቼ የምሄደው እኔ።

ባለፈው ሳምንት መምህራችን እየተነሣን የምንጎብዝበትንና የሚከብደንን እንድንናገር አዘዘችን። አንዱ ቅርጫት ኳስ አለ፣ አንዷ ሒሳብ። እኔ ምንም የለኝም ብዬ ቁጭ አልኩ። ቤት ስገባ ነው ያንገበገበኝ። ለእማዬ ስኳር እንዳለባት የነገራት ሐኪሙ መሰለህ? እሱ በእንግሊዝኛ የነገረው ለእኔ ነው። እሷ አፍ አፌን ታያለች። እንዳትደነግጥ ቃል መርጬ ነገርኳት። የዚያኑ ቀን ከሰዓት ፈተና ተቀመጥኩ። ይህ ጉብዝና ካልሆነ ምን ይባላል? ከባድስ ካልሆነ? አሥራ ስድስት ዓመቴ እኮ ነው። እኔ ሞያሌ ከመጣሁ ክሊኒክ ስትሄድ ማን አፍ ይሆናታል? የሰባት ዓመቱ ሱፍዋን?

ዛሬ ደግሞ እማዬ ዓርብ ጠዋት ትምህርት ቤት እንሄዳለን አለችኝ። ልጄን ላስወጣት ነው ትላለች፤ ያንን ለዳይሬክተሯ በእንግሊዝኛ የምናገረው እኔው ነኝ። ለዚህ ቤት በሽታ ሳይቀር ተርጉሜያለሁ። ይሄን ግን አልተረጉምም። እንድወጣ የፈለግከው አንተ ነህ፤ መጥተህ በራስህ አፍ ተናገር።

ኩለሱምን እንኳን አላህ በሰላም ገላገለሽ በልልኝ። ራጃን ሁለቱንም ጉንጯን፣ ሕፃኑን ግንባሩን ሳምልኝ። ሱፍዋንን ናፍቀኸዋል። እማዬ መጻፌን አታውቅም። ያንተን ሰላምታ ግን ዓርብ ትምህርት ቤቱ በር ላይ እሰጥሃለሁ።

እህትህ ሩመይሳ
ኢስሊ፣ ናይሮቢ
መስከረም 20 ቀን 2018 ዓ.ም.